የአቡጊዳ ፈተና

ልጅ ሳለሁ ሀ ሁን በዜማ ተወጣሁት፤ ዓይኔ ግን ገበታው ላይ አልነበረም። ማንበብ የቻልኩ መስሎኝ ነበር። የኔታ አልተቆጡም፤ ስንጥሬን ይዘው ወደ አቡጊዳ ወሰዱኝ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ሰባት ፊደል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ከየቤቱ አንዳንድ። የለመድኩት ዜማ ከዳኝ፤ አፌ ተሳሰረ። ፊደልን በመልኩ መለየት የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

የጥንት መምህራን አቡጊዳን ከመልእክተ ዮሐንስና ከዳዊት ያስቀደሙት ሸምዳጁን ከአንባቢው ሊለዩበት ይመስለኛል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ፒተር ዳንኤልስም በ1990 እ.ኤ.አ. ለመሰል ጽሕፈቶች ሁሉ መጠሪያ ያደረጉት ይህንኑ ስም ነው። ዛሬ ልጄ ሀ ሁን ሲዘምርልኝ አጨበጭብለታለሁ፤ ከዚያም ጣቴን ከገበታው መካከል አሳርፌ «ይህችስ ማን ናት?» እለዋለሁ።