ቤት ሲሸጥ ከሻጩ ጋራ የሚሄደውና የሚቀረው

ቤቱን የሸጠ ሰው ቍልፉን አስረክቦ አልጋውን፥ ሣጥኑንና ምጣዱን ጭኖ ቢሄድ የሚከራከረው የለም። ክርክር የሚነሣው በበሩ፥ በመስኮቱ፥ በውሃ በርሜሉና በጓሮው ተክል ነው። በሐዋሳ ከተማ ሥር ሆና አብዛኛው ክፍሏ ገጠር በሆነችው በቱላ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው እንሰቱ ነው። እንሰት ከቤቱ ጀርባ ተተክሎ፥ በከብት ፍግ ዳብሮ፥ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ለምግብ ይደርሳል። ታዲያ ባለቤቱ ሸጦ ሲሄድ ይህ የዓመታት ድካም የማን ነው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለነገሩ መልስ አለው። በልማድ የአንድ ነገር ክፍል ሆኖ የሚቈጠር፥ ወይም ሳይበላሽ ሊለይ የማይችል ነገር ሁሉ የዚያው ነገር አካል ነው ይላል፤ ይኸውም በቍጥር 1132 ነው። እንግዲህ በሩም፥ የጣራው ቆርቆሮም ለገዢው ይቀራሉ። ባለቤቱ ለቤቱ አገልግሎት ለዘወትር የመደበው ዕቃም በሚያጠራጥር ጊዜ ቤቱን ይከተላል። «በሚያጠራጥር ጊዜ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ በውል ተለይቶ የተጻፈ ነገር አያጠራጥርምና።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1804 የወጣው የአገራቸው ሕግ፥ ባለቤቱ ለርስቱ አገልግሎት ያኖረውን የርግብ ቤት ርግብ፥ የንብ ቀፎ፥ ገለባና ፍግ ሳይቀር ከማይንቀሳቀስ ንብረት ይቈጥር ነበር። የእኛው ሕግ ዝርዝሩን ትቶ ለልማድ ስፍራ መስጠቱ ደግ ነው፤ የቱላን ጓሮ ፓሪስ ተቀምጦ ማን ይዘረዝረዋል? ልማድም በየአገሩ ይለያያል። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰው የቀርከሃ ቤቱን ምስጥ ሥሩን ቢበላበት፥ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስድለታል።

ወደ እንሰቱ እንመለስ። በቍጥር 1133 ተክል ከመሬት እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው፤ እንዲለይ ውል ከተደረገበት ግን ራሱን እንደ ቻለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቈጠራል። ይህ ሲጻፍ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ነበርና መሬቱን የገዛ ተክሉንም ገዛ። በ1967 ዓ.ም. ግን የካቲት 25 ቀን የገጠሩ መሬት የሕዝብ፥ ሐምሌ 19 ቀን የከተማው ቦታ የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጎ፥ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረት ግን ሙሉ መብት ሰጠው፤ መሸጥም፥ የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥ ንብረቱን ማንሣትም ይችላል።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። መሬቱን ይከተል የነበረው እንሰት የሚከተለው የሚሸጥ መሬት አጣ። ሻጩ «የተከልሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ገዢው «ጓሮውን አይቼ ነው ዋጋ የቈረጥሁት» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የቤት ሽያጭ ውል በቍጥር 2877 በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናምና፥ ወረቀቱ ከተዘረጋ ዘንድ እንሰቱን በግንድ ቈጥሮ አንድ መሥመር መጨመር ምን ይከብዳል?

ተፍቆ በጕድጓድ የተቀበረው ቆጮ፥ በሲዳማ ቋንቋ ዋሳ የሚባለው፥ ሌላ ነው። ከመሬት ከተለየ ቆይቷል፤ ሴቶች የደከሙበት ምግብ እንጂ ተክል አይደለም። ስለዚህ የሻጩ ቤተ ሰብ ነው፤ እመቤቲቱ መብሰሉን ልታይ ስትመጣ ገዢው የጓሮውን በር ይክፈትላት።