ኤር ጅቡቲ

ኤር ጅቡቲ የጅቡቲ ሪፐብሊክ ብሔራዊ አየር መንገድ ነው። መነሻው የጅቡቲ-አምቡሊ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። (ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪክ፦ ኩባንያው አገሪቱ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1963 ተመሠረተ፤ በ1964 በረራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዲሲ-3ን በመሳሰሉ አውሮፕላኖች ዋና ከተማዋን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ካሉት ከታጁራና ከኦቦክ፣ እንዲሁም ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባና ከኤደን ጋር ያገናኝ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1977 ጅቡቲ ነፃ ስትወጣ ዋናው ድርሻ የመንግሥት ሆነ። በ1991 ሥራ አቆመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዳግም ቢነሣም በ2002 እንደገና ተዘጋ።

ዳግም ምሥረታ፦ በ2015 የብሪታኒያው ካርዲፍ አቪዬሽን ድጋፍ ታክሎበት በቦይንግ 737 የጭነት በረራ ጀመረ። የካርዲፍ አቪዬሽን ሊቀመንበር የአይረን ሜይደን የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊና አብራሪ ብሩስ ዲኪንሰን ነበር። የመንገደኞች በረራ በ2016 ቀጠለ።

ከባቡር ጋር ያለው ግንኙነት፦ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የአየር መስመሮች በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን፣ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን የምድር ባቡር አቅጣጫ የተከተሉ ናቸው። የአሮጌው ሐዲድ ጣቢያ በጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞች የሚሳፈሩበት የነጋድ ጣቢያ ግን ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ይገኛል።