ገጣሚዋና የባሕሩ ካርታ

ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ምን አገባን? ትሉኝ ይሆናል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እኔ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በአንዲት ገጣሚ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የኮራል ሰንሰለት 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል፤ ግሬት ባሪየር ሪፍ ይሉታል። በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ፣ ኤሊሰን ሪፍ የተባለው ክፍል የሞተ ነው በሚል፣ ድንጋዩን ቆፍሮ ለእርሻ የሚሆን ኖራ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ለሞተ ነገር ማን ይሟገታል? ገጣሚዋ ጁዲት ራይት፣ ሠዓሊው ጆን ቡስትና የደን ተመራማሪው ሌን ዌብ ተሟገቱ። በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩ ኮራሉም ዓሣውም በሕይወት አለ! ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ከኖራው ቀጥሎ የነዳጅ ፍለጋ መጣ። ሙግቱም ከጋዜጣ ወደ ሠራተኛ ማኅበራት፣ ከዚያም ወደ ፓርላማ ዘለቀ። በ1975 የባሕር ፓርኩ ሕግ ወጣ።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ነዳጁንና ማዕድኑን ቢከለክልም ባሕሩን ግን አልቆለፈውም፤ አከፋፈለው። ዛሬ በካርታው ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ በተቀባው ሥፍራ የባሕሩን ወለል የሚጠርግ መረብ ሳይቀር ይፈቀዳል። በአረንጓዴው መዋኘት ይቻላል፤ ማጥመድ ክልክል ነው። በሮዙ ያለ ልዩ ፈቃድ ዝር አይባልም።

ማካፈል ቀላል አይደለም። በ2004 ድንበሩ እንደገና ሲሰመር ማጥመድ የተከለከለበት ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ ገደማ አደገ። ቀድሞ ከሕዝብ ከ31 ሺሕ በላይ አስተያየት ተሰብስቦ ነበር፤ ኋላም መንግሥት ከ200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ካሣ ከፈለ። ይሁንና ዘመኑን ሙሉ የሚያጠምድበት ውሃ አረንጓዴ ተቀብቶ ላገኘው ሰው ገንዘቡ ሁሉን ነገር አይመልስም። እኛ ከሩቅ ሆነን ስናጨበጭብ እሱን መርሳት የለብንም። በሌላ በኩል ኮራል ትራውት የተባለው ተፈላጊ ዓሣ በአረንጓዴው ክልል በቁጥርም በመጠንም በልጦ ተገኝቷል።

እርግጥ ሙቀት ካርታ አያነብም። ከ2016 እስከ 2024 ብቻ ባሕሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ኮራሉ አምስት ጊዜ በሰፊው ነጥቷል። ታዲያ ያ ሁሉ መስመር ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። መስመሩ ባይኖር ሙቀቱ የሚያገኘው ቀድሞ የተቆፈረና ዓሣው ያለቀ ባሕር ይሆን ነበር።

ራይት በ2000 አረፈች፤ የ2004ቱን ካርታ አላየችም። እኔ ግን የካርታው የመጀመሪያ መስመር የተሰመረው በ1967 ነው እላለሁ። አንድን ውሃ ወይም መሬት ለብቻው ሊወስድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ «የሞተ ነው»፣ «ባዶ ነው»፣ «ለምንም አይጠቅም» ይላል። ያን ጊዜ «እስቲ ወርደን እንየው» የሚል ሰው ከጠፋ፣ በኋላ የሚከፋፈሉት ነገር አይተርፍም።