ያለ ሞተር የበሩ ወጣቶች

እንግሊዝ አገር ያሉ የዘመዶቻችን ልጆች ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሰው «አውሮፕላን ልናበር ነው» ሲሉ ብዙዎቻችን እንገረማለን። ነገሩ ከጦርነት ዘመን የተጀመረ ነው።

«ኤር ትሬይኒንግ ኮር» የተባለው የብሪታንያ ወጣቶች ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 ነው፤ አየር ኃይሉ ሰው በብርቱ ይፈልግ ነበርና። በ1942 ካዴቶቹ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ማብረር መማር ጀመሩ። ግላይደር ከእንጨትና ከጨርቅ የሚሠራ፣ ርካሽና ቀርፋፋ ነበር።

የሚያስደንቀው ግን የማስተማሪያው ዘዴ ነው። ኪርቢ ካዴት የተባለው ግላይደር መቀመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የ16 ዓመት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ብቻውን ይቀመጥበታል፤ አስተማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትምህርቱ እንደ ሕፃን እርምጃ ነበር። መጀመሪያ ዊንች የሚባለው ገመድ ጠቅላይ ሞተር ግላይደሩን መሬት ለመሬት ይጎትተዋል፤ የልጁ ሥራ ክንፎቹን እኩል አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። ሲለምድ ጥቂት ሜትር ብድግ ብሎ ፊት ለፊቱ ያርፋል። ከዚያ ከፍታው ይጨመርለትና በመጨረሻ ገመዱን ለቅቆ፣ ዞሮ ይወርዳል። የዊንቹ ነጂ ትንሽ ፍጥነት ካበዛ ልጁ ሳያስበው ሽቅብ ይወጣል፤ የእናት ጸሎት የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው!

30 ሰከንድ በርሮ በደኅና ያረፈ «ኤ» የተባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ይበቃ ነበር። ሠላሳ ሰከንድ አንድ ስኒ ቡና ቀድቶ ለማቅረብ እንኳ አይበቃም። ለዚያች ሠላሳ ሰከንድ ግን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ክንፍ ሲደግፉ፣ ገመድ ሲመልሱና ግላይደር ሲገፉ ይውሉ ነበር። በእኔ ግምት ትልቁ ትምህርት እርሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሴድበር መጣ። አስተማሪው አብሮ መውጣት ስለቻለ ብቻ መብረር ወደ ትምህርቱ መጨረሻ ተዛወረ። በእኛም አገር በዚያው ዘመን ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ላይ ካዴቶችን ያሠለጥኑበት የነበረው ሳፊር፣ ባለ ሞተር ቢሆንም፣ መቀመጫው እንዲሁ ጎን ለጎን ነበር።

በሚያዝያ 2014 የብሪታንያ አየር ኃይል ስለ ግላይደሮቹ የጥገና ደኅንነት ጥርጣሬ ስላደረበት የካዴቶቹን በረራ አቋረጠ። ከ2016 ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ተመለሰ፤ በመካከሉ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች ግን ሳይበሩ ቀሩ።