የከተማ ባቡርና የሥራው ሚዛን

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን የሚያስተውል ሰው ትምህርት አያጣበትም፤ ቧንቧ የሚመሰገነው በርዝመቱ ወይም በብረቱ ውፍረት ሳይሆን በሚያወርደው ውሃ ነውና። የባቡርም ነገር እንዲሁ ነው። ሐዲድ ተዘርግቶ ሪባን ሲቈረጥ ሕዝብ ደስ ይለዋል፤ የሥራው እውነተኛ ዋጋ ግን የሚታወቀው ከምረቃው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

በአገራችን የባቡር ታሪክ መጀመሪያ ላይ መለኪያው የሐዲዱ ርዝመት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ከጅቡቲ የተነሣውም ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር በረሃና ተራራ ማቋረጥ ራሱ ታላቅ ሥራ ስለ ነበረ፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ሚዛን የጠየቀ ሰው ቢታጣ አያስደንቅም።

የከተማ ባቡር ግን ሌላ ሚዛን ይሻል። የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1863 በለንደን ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታላላቅ ከተሞች ኑሮ ከባቡር ጋር ተሳስሯል፤ ሠራተኛው በየማለዳው የሚጠብቀው ባቡር ቢዘገይ የቢሮው፣ የትምህርት ቤቱና የገበያው ሥራ አብሮ ይዘገያል። ይሁን እንጂ ከተሞቹ በማኅበር ሆነው ሥራቸውን ማመዛዘን እስኪጀምሩ ብዙ ጊዜ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1994 የሆንግ ኮንግ ሜትሮ ከለንደን፣ ከፓሪስ፣ ከኒው ዮርክና ከበርሊን ሜትሮዎች ጋር እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረበ፤ ጥናቱንም በለንደን የሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያዘው።

ለማመዛዘን አስቀድሞ በመስፈሪያው መስማማት ያስፈልጋል። አንዱ ሁለት ደቂቃ ያለፈውን ባቡር «ዘገየ» ሲል ሌላው አምስት ደቂቃ ያለፈውን ብቻ ቢቈጥር፣ ሁለቱን ማነጻጸር በእንቅብና በቁና የተሰፈረን እህል እኩል ነው እንደ ማለት ይሆናል። አንድ ቍጥርም ብቻውን ያታልላል። ባዶውን የሚመላለስ ባቡር በኪሎ ሜትር ሲሰላ ወጪው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ሰው እንደ ጆንያ የታጨቀበትም ባቡር በመንገደኛ ሲሰላ ርካሽ ይሆናል። ስለዚህ አራት ጥያቄዎች አብረው ይጠየቃሉ፦ ካሉት ባቡሮች ስንቱ በየዕለቱ ለሥራ ይወጣሉ? ሳይበላሹ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ? በሰዓታቸው ይደርሳሉን? የቲኬቱ ገቢ ከሥራ ማስኬጃው ወጪ ምን ያህሉን ይሸፍናል?

ይህ ፈተና ለአዲስ አበባም ደርሷታል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 41 ባቡሮች ይዞ የተነሣ ነው፤ ከገንዘቡም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ሕዝቡ በመጀመሪያ እንደ ርቀቱ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ይሳፈር ነበር። ዋጋው ለድኃው ታስቦ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ገቢው ወጪውን አለመሸፈኑ ብቻውን የስንፍና ምልክት አይደለም። ነገር ግን ቲኬቱ በብር ሲሸጥ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። መለዋወጫው ሲታጣ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆሙ፤ ሐዲዱ አንድ ክንድ ሳያጥር አገልግሎቱ አጠረ። በርዝመት ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ጕድለት ሊያየው አይችልም።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ ለሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ፣ ሐዲዱም ኮምቦልቻ ደርሶ ሳለ፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አልፈዋል። ይህ አገር አቋራጭ እንጂ የከተማ ባቡር አይደለም፤ ሚዛኑ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ አዲስ ሥራ ሲታቀድ «ስንት ኪሎ ሜትር?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «መለዋወጫው በምን ይገዛል? ጠጋኙ ማን ነው? የየወሩ ውጤትስ ለሕዝብ ይገለጻልን?» የሚሉትም አብረው ሊጻፉ ይገባል። ቧንቧውን ለዘረጋ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ውሃው እንዳይቋረጥ ለሚጠብቀውም ከዚያ ያነሰ ምስጋና አይገባውም።