ካብ የሚቆመው ውሃ ሲያሳልፍ ነው

የኮንሶን እርከን ያየ ሁሉ በቅድሚያ የሚያደንቀው የድንጋዩን ብዛትና የሰውን ጉልበት ነው። በእርግጥም ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብሎሽ የዘለቀ፣ አንዳንድ ቦታ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ሥራ ሊደነቅ ይገባዋል። የጽናቱ ምስጢር ግን ከጉልበቱ ይልቅ በውሃ አያያዙ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከካብ ጀርባ ያለ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ መውጫ ያጣ ውሃም ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። የኮንሶ ካብ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ስለሚሠራ በየክፍተቱ ውሃ ያሳልፋል። እርከኑ አፈሩን ያስቀራል፤ ለማሽላው እርጥበት ይይዛል፤ ትርፉን ውሃ ያስወጣል።

«ሲሚንቶ ስላልነበራቸው እንጂ አስበውበት አይደለም» የሚል ይኖራል። ጉዳዩ የማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ትርፍ ውሃ የሚወገድበት መንገድ ባልታሰበበት ነበር። «ደረቅ ካብ ይናዳል፣ ጥገና አያጣውም» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ሆኖም የተናደውን በዚያው ድንጋይ መልሶ መካብ ይቻላል፤ መውጫ የሌለው የሲሚንቶ ግንብ ግን ከተሰነጠቀ ጥገናው ከባድ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እንዲህ እየተጠገነ እንደሚኖር ሕያው ባህል ነው። እንግዲህ በጓሯችሁ የአፈር መደገፊያ ግንብ የምታሠሩ ሁሉ ከጀርባው ጠጠር ሙሉ፣ ከሥሩም የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተዉ።