ማኅተም ቢጠፋ ሌላ ይቀረጻል፤ ጣትስ?



መርሳ ላይ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ የሐብሩ ገበሬ አባት «ሸኽ፣ ለፋይዳ መታወቂያ አሥሩንም ጣቴን፣ ዓይኔንም ሰጠሁ። ምስጢሬን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ሊጽፉ ባሰቡ ጊዜ ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ እንደማይነበብ ተነገራቸው። ስለዚህ የብር ቀለበት አሠርተው ስማቸውን ከመልእክተኛነታቸው ጋር አስቀረጹበት፤ ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ እንዳያስቀርጽም ከለከሉ። ቀለበቱ በአቡበክርና በዑመር በኩል ለዑስማን (ረ.ዐ) ደረሰ። በእርሳቸው ዘመን አሪስ ከተባለው የውኃ ጉድጓድ ወደቀ፤ ሦስት ቀን ቢፈለግም አልተገኘም። ቀለበት ከሰው የተለየ ዕቃ ነውና ቢጠፋ ሌላ ማሠራት ይቻላል። ጣት ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ቂያማ 4ኛ አንቀጽ የጣት ጫፍን ከትንሣኤ ጋር አያይዞ ያነሣዋል።

እ.ኤ.አ. በ1858 ዊልያም ኸርሸል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም በቤንጋል አንድን ተዋዋይ መዳፉን በውሉ ላይ እንዲያትም አደረገ። በ1897 በካልካታ የአሻራ ቢሮ ሲከፈት አሻራን የመመደቢያውን ዘዴ ካበጁት መካከል ሙስሊሙ አዚዙል ሐቅ አንዱ ነበር፤ ዝናው ግን በአለቃው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ቀረ። የሁሉም ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ነበር። በወልድያና በመርሳም ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችን በውል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት ማንነታቸውን ለመግለጽ እንጂ ምስጢር ለማውጣት አልነበረም።

ታዲያ አደጋው የት አለ? አሻራን እንደ ምስጢር ቁልፍ ስንቆጥረው ነው። በነካነው ብርጭቆ ሁሉ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች መዝገብ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተሰረቀ። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣት በምን ይለወጣል?

ስለዚህ አሻራ ማንነት ነው፤ ለሚይዘው ክፍል ግን አማና ነው። በአገራችንም ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዲጂታል መታወቂያን ሲደነግግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃን ደንግጓል።

ለእኚያ አባት እንዲህ አልኳቸው፦ «አባባ፣ ምስጢርዎን አልሰጡም፤ ማንነትዎን አስመዘገቡ እንጂ። ምስጢርዎ በስልክ የሚላክልዎ ቁጥር ነው፤ እርሱን ለማንም አይንገሩ። ያልተነበበልዎ ወረቀት ላይም ጣትዎን አያሳርፉ።» ሱረቱል በቀራህ በ282ኛው አንቀጽ ለብድር ጽሑፍንም ምስክርንም ያዘዘው፣ አንድ ምልክት ብቻውን ሐቅን ስለማይጠብቅ ይመስለኛል። ወላሁ አዕለም።